ከሰል በግራም

ርዝመቱ 9 ጫማ ነው፤ በሜትር 2 ከ70 ግድም። ክብደቱ መቶ ግራም አይሞላም። ለአራት ይፈታል፣ በጨርቅ ከረጢት ይገባል፣ ከረጢቱ ደግሞ ከአሉሚኒየም ቱቦ ውስጥ ይገባል። ዋጋው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። በግራም ሲሰላ ከ10 ዶላር ያልፋልና ከብር ይወደዳል ማለት ነው። ብር ግን አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ለልጅ ይወረሳል፣ ሲቸግር ይሸጣል። የዚህ ዘንግ ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ከዶሮ ላባና ከክር የተሠራች ሐሰተኛ ዝንብ ወስዶ ዓሣ አፍንጫ ሥር ማስቀመጥ። ዓሣው ከጎረሳት ተጎትቶ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይለቀቃል።

አዎ፣ ይለቀቃል። እሱ ላይ ገና እንደርሳለን።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ፈልጌ አይደለም። ዴንቨር አጠገብ አውሮራ የምንኖር ሐበሾች ስለ ዓሣ ያለን እውቀት ከጾም አያልፍም፤ እሱም ቢሆን «በጾም ይበላል፣ አይበላም» የሚለው ክርክር ሳያልቅ ጉላሹ ይቀዘቅዛል። ወዳጄ ግን አንድ ቅዳሜ ከሥራ አለቃው ጋር ሳውዝ ፕላት ወደሚባለው ወንዝ ወርዶ ከተመለሰ ወዲህ ሰው አልሆነም። እንጅባራ ተወልዶ ያደገ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከባሕር ዳር መንገድ በቀር ወደ ውሃ የሚወስድ መንገድ የማያውቅ፣ ጨዋ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነበር። ስለ ፖለቲካ ያወራ ነበር። ስለ ቤት ዋጋ ያወራ ነበር። አሁን ስለ ዘንግ ብቃት ካልሆነ በቀር ቃል አይወጣውም።

ዕቁቡ የወጣለት በዚሁ ወቅት ነበር። ዕቁብ የደረሰው ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ አንዱ መኪና ያድሳል፣ አንዱ አገር ቤት ይልካል፣ አንዱ የቤት ቅድመ ክፍያው ላይ ይጨምራል። ወዳጄ ከፊሉን ቆርሶ ዘንግ ገዛበት። ቱቦውን ከፍቶ ለባለቤቱ ሲያሳያት እኔ ቡና ልጠጣ እቤታቸው ነበርኩ።

«ዕቁብህን ሸምበቆ ገዛህበት?» አለችው።

«ሸምበቆ አይደለም፤ ካርቦን ነው።»

«ካርቦን ከሰል አይደለም እንዴ?»

«እንደሱ አይደለም፤ ይኼኛው ሌላ ነው። አውሮፕላን የሚሠራበት።»

«አውሮፕላኑስ ይበርራል። ይኼ ምን ያደርጋል?»

እኔ ስኒዬ ውስጥ ያለውን አተላ አጥብቄ ተመለከትሁ።

ሴትዮዋ ግን ልክ ነበረች፤ ያውም ከምታውቀው በላይ። የካርቦን ክር የሚሠራው ሹራብ ከሚሠራበት ከአክሪሊክ ቤተሰብ ነው። ክሩን መጀመሪያ አየር ባለበት ምድጃ ቀስ ብለው ያበስሉታል። ቀጥሎ ኦክስጅን በማይደርስበት እቶን ከ1,000 ዲግሪ በላይ ያግሉታል። ኦክስጅን ስለሌለ አይነድም፤ ሌላው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በጋዝ መልክ ይወጣና ካርቦኑ ይቀራል። እንጨት ከምሮ፣ በሣርና በአፈር ደፍኖ፣ ጭሱን ብቻ እያስወጣ የሚያከስል የአገሬ ገበሬ ይህን ለመረዳት መሐንዲስ አያስፈልገውም። ከሰሉን በጆንያ እንጂ በግራም መሸጥ እንደሚቻል ግን የነገረው የለም።

እንዲህ ያለው ጠንካራ ክር በ1960ዎቹ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ በሚገኘው የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ሲሠራ፣ አሳቢዎቹ የጄት ሞተርና የጦር አውሮፕላን እንጂ ዓሣ በአእምሯቸው አልነበረም። በ1973 ግን ፌንዊክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የካርቦን ዘንግ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ ወዳጄ በቃሉ ይዞታል። ክሩ ሙጫ ጠጥቶ እንደ ጨርቅ በጥቅል ይመጣል። ጨርቁ ወደ አንድ ጫፍ እየጠበበ ይቆረጥና ሹል የብረት ዘንግ ላይ ይጠቀለላል፤ በላዩ ፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይጠመጠምበታል፤ ምድጃ ይገባል፤ ሲወጣ ብረቱ ይመዘዛል። የሚቀረው ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ ነው። ይህንን ለባለቤቱ እንዳይነግራት መከርሁት።

መያዣው ቡሽ ነው። ቡሹ የፖርቱጋል ዛፍ ቅርፊት ሲሆን ዛፉ አንዴ ከተላጠ ሌላ ለመስጠት 9 ዓመት ያስጠብቃል። እዚህ ላይ ወዳጄ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

አሁን ወደ ብቃቱ እንምጣ፤ ጉድ ያለው እዚያ ነው።

በተራው የዓሣ ማጥመጃ የሚወረወረው እርሳሱ ነው፤ ክሩ ተከትሎት ይሄዳል። በዚህኛው ግን መንጠቆው ላይ ያለችው ላባ ናትና ብትወረውራት ተመልሳ ራስህ ላይ ታርፋለች። ስለዚህ ክብደቱን ገመዱ እንዲሸከም ተደረገ። የሚወረወረው ወፍራሙ ገመድ ነው፤ ዝንቢቱ በነጻ ትሳፈራለች። ዘንጉን ወደ ኋላ ስትስበው ገመዱ ከጀርባህ ይዘረጋል፤ ወደ ፊት ስትገፋው የገመዱ ክብደት ዘንጉን ያጎብጠዋል፤ ድንገት ስታቆመው የጎበጠው ይቃናና ገመዱ አየር ላይ ቀለበት ሠርቶ እየተተረተረ ይሄዳል። የዘንጉ ጫፍ ቀጥ ባለ መስመር ከተጓዘ ቀለበቱ ጠባብ ይሆንና ነፋስ ይሰነጥቃል። ከተንጋደደ ቀለበቱ ይሰፋና ገመዱ መንገድ ላይ ይወድቃል። ቸኩለህ ከገፋኸው ደግሞ ጫፉ ላይ ያለው ቀጭን ክር ራሱን በራሱ ይቋጥራል። ይህን ቋጠሮ አጥማጆቹ የነፋስ ቋጠሮ ይሉታል፤ ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀንም ቢሆን ጥፋተኛው ነፋስ ነው።

ውዱ ዘንግ ከርካሹ የሚለየው በአወራወሩ መጨረሻ ላይ ነው። እጅህን ስታቆም ርካሹ አያቆምም፤ ጫፉ ወደ ላይ ወደ ታች ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡ ወደ ገመዱ ይተላለፋል፣ ገመዱ እየተውረገረገ ጉልበቱን አየር ላይ ይጨርሳል። ውዱ ቁም ሲባል ይቆማል። ሁለተኛው ነገር የጫፉ ቅልለት ነው። ሚዛን ላይ ሲቀመጡ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ግራም ነው፤ ነገር ግን ያ ጥቂት ግራም ያለው መያዣው አጠገብ ሳይሆን 9 ጫማ ርቆ ጫፉ ላይ ከሆነ፣ ማታ ላይ ክንድህ ይነግርሃል። ሦስተኛው፣ ዘንጉ ወደ ጎን ሳይዛነፍ ባነጣጠርህበት መሄዱ ነው። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከሙጫው ጥራትና ካርቦኑ የት ላይ ወፍሮ የት ላይ መሳሳት እንዳለበት ከማወቅ ነው። ዋጋው ውስጥ ደግሞ የአሜሪካ የእጅ ሥራ አለበት። ሴጅ ከሲያትል በመርከብ ከሚሻገሩባት ከቤይንብሪጅ ደሴት ላይ፣ ዊንስተን ሞንታና ውስጥ ቱዊን ብሪጅስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኦርቪስ ቨርሞንት ውስጥ ይሠራሉ። በ200 ዶላር የሚገኙት አብዛኞቹ ከቻይናና ከኮሪያ የሚመጡ ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩዎቹ ከሃያ ዓመት በፊት የነበረውን ውድ ዘንግ የሚያስንቁ ናቸው።

ልዩነቱ የለም የሚል ሰው ይዋሻል። ወዳጄ ጎትቶ የወሰደኝ ሱቅ ውስጥ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። በመንጠቆ ፈንታ የሱፍ ክር ታስሮ ይሰጥህና መኪና ማቆሚያው ላይ ትወረውራለህ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሥነ ሥርዓት ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። የገባ ወንድ ሁሉ አንድ ዘንግ ከመደርደሪያው ያነሣል፣ ሁለት ጊዜ ያወዛውዛል፣ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ጫፉን ያያል፣ «እምም» ይላል። ገመድ ያልገባበት ዘንግ ሲወዛወዝ ምንም አይናገርም፤ ባለሱቁም ይህን ያውቃል፣ ደንበኛውም ያውቃል። ቢሆንም «እምም» ሳይል የወጣ ሰው አላየሁም። መኪና ማቆሚያው ላይ ስወጣ ግን ውዱ ዘንግ በእጄ ላይ የሌለ ያህል ቀለለኝ፤ የሱፍ ክሩም ከጠበቅሁት ርቆ አንዲት ነጭ መኪና ጎማ ሥር ሄዶ አረፈ። ወዳጄ ክንዴን ይዞ «አየህ?» አለኝ፤ ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር።

አየሁ። ያላየሁት ዓሣ ነው።

ቁጥር የሚባል ነገርም አለ። ዘንግና ገመድ የሚጋቡት በቁጥር ነው፤ ለትራውት የታወቀው 5 ነው። የአሜሪካ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ አምራቾች ማኅበር ያወጣው መለኪያ እንደሚለው የ5 ቁጥር ገመድ የመጀመሪያው 30 ጫማ 140 ግሬን፣ በኛ 9 ግራም ገደማ መመዘን አለበት። ለገመድ ሕግ አለ ማለት ነው። ለዘንግ ግን የለም፤ ሠሪው 5 ነው ካለ 5 ነው። መኪና ማቆሚያ ላይ ሩቅ የሚወረውር ዘንግ ቶሎ ይሸጣልና አምራቾቹ በየዓመቱ ዘንጉን እያጠነከሩ ሄዱ። ዘንጉ ሲገትር 9 ግራም አላጎብጠው አለ። በዚህ ጊዜ ገመድ ሠሪዎቹ ገመዱን አከበዱ፤ አሁን ላዩ ላይ 5 ተጽፎበት የ6 ቁጥሩን 160 ግሬን የሚመዝን ገመድ በሽ ነው። ዘንግ ሠሪዎቹ ደግሞ ገመዱ መክበዱን ሲያዩ ዘንጉን ጨመር አድርገው አጠነከሩት። ሁለቱም ወገን 5 ላይ ቆሜያለሁ ይላል።

ይህን ሩጫ ታዝቦ ዊልያም ሃነማን የሚባል አሜሪካዊ አንድ ዘዴ ፈጠረ፤ በእኔ ግምት በዚህ ሙያ ውስጥ ከተፈጠሩት ሁሉ የሚያስቀው እሱ ነው። ዘንጉን መያዣው ላይ አግድም ታስረዋለህ። ጫፉ ላይ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ታንጠለጥላለህ። ከዚያ ባለ አንድ ሳንቲም ፔኒ፣ እያንዳንዷ 2.5 ግራም የሆነችውን፣ አንድ በአንድ ትጨምራለህ፤ ጫፉ የዘንጉን ርዝመት ሲሶ ያህል እስኪጎብጥ። የሳንቲሙን ብዛት ቆጥረህ ከሠንጠረዥ ጋር ስታስተያየው የዘንጉ እውነተኛ ቁጥር ይወጣል። ጠፈር ቀመስ ሙጫ ያለው፣ ሞዱለሱ፣ ማለትም የካርቦኑ ግትርነት፣ የተለካ፣ የሺህ ዶላር ዘንግ ዳኛው አንድ እፍኝ ሳንቲም ነው። አሜሪካ ይችን ሳንቲም ለገበያ መምታት በ2025 አቁማለች፤ ዘንጎቹ ሳይደሰቱ አልቀሩም።

ወዳጄ ሳንቲም ሰብስቦ ሳሎኑ ውስጥ ይህን ሙከራ አካሂዷል። ውጤቱ 6 ከምናምን መጣ። ዘንጉ ላይ የተጻፈው 5 ነው። ሁለት ቀን አኩርፎ ከረመና «ሳንቲሞቹ ያረጁ ናቸው» ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

ከዚያ ወንዝ ወረድን። ሳውዝ ፕላት ቺዝማን ከሚባለው ግድብ በታች በጥድ ደንና በትላልቅ ድንጋይ መካከል ይወርዳል፤ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ዓሣው ከዳር ሆነህ ይታይሃል። እዚያ የሚታሰሩት ዝንቦች ከስንዴ ፍሬ ያንሳሉ። ወዳጄ አንዷን ቀዳዳዋ ውስጥ ክር ለማስገባት መነጽሩን ሲያደርግ፣ ሲያወልቅ፣ ወደ ፀሐይ ሲዞር፣ ለመጸለይ የቆመ መስሎኝ ዝም አልሁት። ቀጥሎ ያየሁት ነው ነገሩን ሁሉ የገለጠልኝ። ዓሣው ያለው ስድስት ሰባት ሜትር ላይ ነው። አንዳንዱ ከዚያም ይቀርባል፤ እግሩ ሥር ማለት ይቻላል። ይህ ዘንግ የተገዛው ከመኪና ማቆሚያው ዳር እስከ ዳር ስለሚወረውር ነው። እዚህ ሲመጣ ከገመዱ ላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ከጫፉ ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ ያ ክብደት ደግሞ ገታራውን ዘንግ አያጎብጠውም። ስለዚህ የሺህ ዶላሩ ዘንግ ሳይጎብጥ፣ ሳይቃና፣ ጫፉ ሳይንቀጠቀጥ፣ ያንን ሁሉ ብቃቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ይውላል። ወዳጄም በክንዱ ብቻ ላባዋን ጣል ያደርጋል። ለዚህማ ካርቦን አያስፈልግም፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ግድም የሮሙ ጸሐፊ ኤሊያን የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ አስረው ባለ ነጠብጣብ ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፏል። ዘንጋቸው 6 ጫማ፣ ክራቸውም ያንኑ ያህል ነበር። ሞዱለሱን አልጻፈውም።

ዓሣው መራጭ ነው። ዝንቢቱ መጥታ ስታልፍ ቀና ይላል፣ ይመረምራታል፣ ተመልሶ ይተኛል። ለምን እንዲህ ሆነ? ይህ ወንዝ ከዴንቨር ቅርብ ነው፤ በየሳምንቱ አጥማጅ ይጎርፍበታል፣ የተያዘው ዓሣ ተመልሶ ይለቀቃል። አንድ ትራውት ስንት ጊዜ ተይዞ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ምክር ሰምቶ ወደ ውሃው እንደተመለሰ እግዜር ይወቀው። ተምሯል። አሜሪካኖቹ ዓሣውን እየያዙ እየለቀቁ ያስተምሩታል፤ ከዚያ የተማረውን ዓሣ ለመያዝ የተሻለ ዘንግ ይገዛሉ፤ በተሻለው ዘንግ ይዘው ሁለተኛ ዲግሪውን ያስይዙትና ይለቁታል። ዓሣው በዕውቀት እየበለጸገ፣ ሰውየው በገንዘብ እየደኸየ ይሄዳል። ፋብሪካዎቹ ለዚህ ትምህርት ቤት መምህር እንኳ መቅጠር አላስፈለጋቸውም።

በስተመጨረሻ ግን አንዱ ተሳሳተና ጎረሰ። ዘንጉ ጎበጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወዳጄ እየጮኸ ወንዙ ውስጥ ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ መረቡን ዓሣው ሥር አደረገ። ክንድ የማያህል፣ ወርቃማ ሆድ ያለው፣ ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ የፈሰሰበት የሚያምር ዓሣ ነበር። ፎቶ አነሣሁት። እጁን አረጠበ፣ መንጠቆውን በመቆንጠጫ አወጣ፣ ዓሣውን ትንፋሹ እስኪመለስ ፊቱን ወደ ወራጁ አድርጎ ያዘለት። ለልጁ እንዲህ ሲጠነቀቅ አላየሁም። ከዚያ ለቀቀው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ባለቤቱ ናት።

«ያዝክ ወይ?»

«ያዝሁ! ትልቅ!»

«ተመስገን። ዘይት ላሙቅ?»

«ለቀቅሁት።»

«ለማን?»

መልስ አጣ። እኔም ብሆን አጣለሁ።

እርግጥ አንዳንዱ እጅ ላይ ዘንግ ሌላ ነገር ይሆናል። ጆአን ዉልፍ የምትባል አሜሪካዊት አለች። በ1951 ወንዶች ብቻ ከተሰለፉበት የርቀት ውድድር ገብታ አሸነፈቻቸው፤ በ1960 ደግሞ 161 ጫማ፣ 49 ሜትር ገደማ ወረወረች። የካርቦን ዘንግ ሊሸጥ ገና 13 ዓመት ይቀረው ነበር። ይህን ለወዳጄ ስነግረው «እሷ ዳንስ አስተማሪ ነበረች፤ ሰውነቷ የሰለጠነ ነው» አለኝ። እውነት ነው፣ ነበረች። ነገር ግን ከዘንጉ በፊት ቢሆን ኖሮ ይህን መልስ አይመልስልኝም ነበር። በርካሹ ዘንግ ዘመን ሲስት «ምን ላድርግ፣ ዘንጉ አይረባም» ይል ነበር፤ ያ ሰበብ ብቻውን 1,000 ዶላር ያወጣል። ሸጠው። አሁን ሲስት ውሃው ጠርቶበት ነው፤ ደመናው ገፍፎበት ነው፤ አለቃው አስነጥሶበት ነው። በየጊዜው አዲስ ሰበብ መፍጠር ያለበት ውድ ዘንግ የያዘ ሰው ነው፤ የዘንጉም እውነተኛ ብቃት እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥፋቱን ከራሱ ላይ አራግፎ ለያዘው ሰው ይመልስለታል። ዓሣ ዋጋ አያነብብም።

ዘንጉ የተሰበረው ዓሣ ታግሎት አይደለም። እነዚህ ዘንጎች በዓሣ የሚሰበሩት ከስንት አንድ ነው። ገዳዮቻቸው የመኪና በርና የጣሪያ ማራገቢያ ናቸው። የወዳጄ በመኪና በር ነው የሄደው፤ ጫፉ በሩ ሲዘጋ ቅርጭጭ ብላ ቀረች። የሞተ ያህል ጸጥ አለ። ግን መድኅን አለው። ኩባንያዎቹ ለመጀመሪያው ገዢ ዕድሜ ልክ ወይም ለ25 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ለአገልግሎት መጠነኛ ክፍያ ትከፍላለህ፣ የተሰበረውን ትልካለህ፣ አድሰው ወይም ለውጠው ይልኩልሃል። ደግነት ይመስላል። ስትገዛ ግን የከፈልኸው ዋጋ ውስጥ የአንተ ብቻ ሳይሆን በየግዛቱ መኪና በር የሚዘጋ፣ ማራገቢያ ሥር ዘንግ የሚያወዛውዝ ሰው ሁሉ መዋጮ አለበት። ተጠንቅቆ የሚይዝ ሰው ለዝርክርኩ ሲያዋጣ ይኖራል። ወዳጄ ይህን ከተረዳ ወዲህ በሩን ሲዘጋ መጨነቁን ትቷል።

ዘንጉ እስኪመለስ ሳምንታት ስለፈጀ፣ አለቃው ትርፍ የነበረችውን የ200 ዶላር ዘንግ አዋሰው። በእሷ የያዘው ዓሣ በውዱ ይይዝ ከነበረው አልበለጠም፣ አላነሰም፤ ያው ነው። ይህንን ለባለቤቱ እንዳልነግር አስምሎኛል። መጻፍ መንገር ነው አላለኝም።

አሁን ደግሞ የባሰ መጥቷል። ከካርቦን በላይ የሚወደድ ዘንግ እንዳለ ደርሶበታል፤ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣ፣ ገንዘብ ይዘህ እንኳ ወረፋ የምትጠብቅለት። የተሠራውም ከቀርከሃ ነው። አንዲት የቀርከሃ ዓይነት ናት፤ ቻይና ውስጥ ጓንግዶንግ በሚባለው ግዛት በጠባብ አካባቢ የምትበቅል። አንጓዎቿ የተራራቁ፣ ግድግዳዋ ወፍራም፣ ጭረቷ ወደ ላይኛው ቆዳ ተጠግቶ የተሰደረ ነው። ሰንጥቀው ስድስት ስንጥር ያደርጓታል፤ እያንዳንዱን በሦስት ማዕዘን ይልጉታል፤ ስድስቱን ገጥመው በሙጫ ያያይዙና ስድስት ጎን ያለው አንድ ዘንግ ይወጣል። ሂራም ሌናርድ የተባለው የሜይን ግዛት ሰው በ1870ዎቹ ይህን ሙያ አስፋፋው፤ ከዚያ ወዲህ ለሰባ ዓመት ያህል ቁምነገረኛ ዘንግ ማለት ቀርከሃ ሆነ። በ1950 በኮሪያው ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከቻይና ጋር ንግድ ስታቆም ቀርከሃው ተቋረጠና ፋይበርግላስ ቦታውን ወረሰ፤ በኋላም ካርቦን መጣ። ማዕቀቡ ተነሥቶ ቀርከሃው ሲመለስ ግን ጌጥ ሆኖ ተመለሰ። ከካርቦኑ ይከብዳል፣ ይዘገያል፣ እርጥበት አይወድም፤ ሩቅ አይወረውርም። ነገር ግን ስድስት ሰባት ሜትር ላይ፣ ዓሣው በእርግጥ ባለበት ቦታ፣ ለስላሳ ጉብጠቱ እጅግ ይጣፍጣል ይላሉ።

ወዳጄ ይህን አንብቦ እኩለ ሌሊት ደወለልኝ። የዕፅዋት ሊቃውንት የቻይናዋን ቀርከሃና የእኛን የደጋ ቀርከሃ ለረጅም ጊዜ አሩንዲናሪያ በሚባል አንድ ወገን ሥር መዝግበዋቸው ነበር፤ በኋላ ነው የለያዩአቸው። «የአክስት ልጆች ናቸው!» እያለ ይጮኻል። እሱ ያደገው በቀርከሃ መካከል ነው። እንጅባራ ወንበሩ ቀርከሃ፣ ቅርጫቱ ቀርከሃ፣ አጥሩ ቀርከሃ። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ለመንገደኛ የሚሸጠው ቀርከሃ። ዓሣውም ቢሆን አገር ቤት አለ፤ ባሌ ተራሮች ውስጥ ዌብን በመሰሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ድሮ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት እስከ ዛሬ ይዋኛል። ዘንጉ ከአዊ፣ ዓሣው ከባሌ። ዕቅዱ ይኸው ነው። የእንጅባራው ቀርከሃ ግድግዳው እንደ ቻይናዋ መወፈሩን፣ ጭረቱ መጥበቁን ማን ፈተነው ስለው «እኛ እንፈትነዋለን፤ ሳንቲም አለኝ» አለኝ።

በማግስቱ እሑድ እናቱ ዘንድ ሲደውል አብሬው ነበርኩ። ድምፁን ለሁላችን ከፍቶታል።

«እማዬ፣ ወንድሜ ሲመጣ በርበሬው ይቅርብኝ፤ ቀርከሃ ይዞልኝ ይምጣ።»

«ቀርከሃ? ወንበሩን ነው?»

«ወንበሩን አይደለም፤ ራሱን ቀርከሃውን። ቀጥ ያለ፣ የበሰለ፣ አንጓው የተራራቀ።»

«አሜሪካ አጥር ታጥራለህ?»

«ዓሣ ላጠምድበት ነው እማዬ።»

ከወዲያ በኩል ረዘም ያለ ዝምታ ሆነ።

«ልጄ፣ ከሥራ አስወጡህ እንዴ?»

«ኧረ አላስወጡኝም! ለጨዋታ ነው። ይዤው እለቀዋለሁ።»

«ማንን?»

«ዓሣውን።»

«እስቲ ስልኩን ለሚስትህ ስጣት።»